ካርቡራተሩ ከመፈታቱ በፊት

በባሕር ዳር አስፋልት ላይ ከሚርመሰመሱት ባጃጆች ብዙዎቹን፣ በጣና ላይ ሰው ከሚያሻግሩት ትንንሽ የጀልባ ሞተሮች አንዳንዶቹን፣ በየግቢው ጥግ ሸራ ለብሰው የቆሙትን አሮጌ ቮልስዋገኖች፣ ፊያቶችና ላንድሮቨሮችም ጭምር የሚያመሳስላቸው አንድ ዕቃ አለ። ያለ ኮምፒውተር ቤንዚንን ከአየር ጋር እያዋሐደ ሞተሩን የሚመግበው ካርቡራተር ነው። አዳዲስ መኪናዎች ከተዉት ቆይተዋል፤ እኛ ዘንድ ግን ሥራው አላለቀም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪናዎችን ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እንግዲህ በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ መያዝ ግድ ነው።

የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። ካርቡራተር ብዙ ጊዜ ባላጠፋው ጥፋት ይከሰሳል። መኪናዋ ስትንገጫገጭ፣ ስታጨስ ወይም መብራት ላይ ስትጠፋ መጀመሪያ የሚፈታው እሱ ነው። የምር ሲያረጅ ደግሞ አንዲት ቡሎን በካቻቢቴ ወዲያና ወዲህ እየዞረች ይታለፋል። ያረጀ ካርቡራተር ግን በማዞር አይድንም፤ ተፈትቶ፣ ተለክቶ መታደስ አለበት።

አሠራሩን መረዳት አይከብድም። ሞተሩ የሚስበው አየር ወገቡ በጠበበ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። በጠባቡ ቦታ የአየሩ ፍጥነት ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። ከጎን ባለችው ትንሽ ገንዳ የተጠራቀመው ቤንዚንም ጄት በምትባል ጠባብ የነሐስ ቀዳዳ አልፎ ወደ አየሩ ይረጫል። የገንዳውን መጠን የሚጠብቀው ተንሳፋፊ ነው፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ወደ ላይ ተነሥቶ መግቢያውን በመርፌ ይዘጋል። ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ የሚከፈተው ክብ መዝጊያ ደግሞ ምን ያህል አየር እንደሚያልፍ ይወስናል። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ሙሉ መቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባኽ በ1893 እ.ኤ.አ. ቤንዚን የሚረጭ ካርቡራተር ከሠራ ወዲህ የመሠረቱ ሐሳብ አልተለወጠም።

ለእኛ አገር ልዩ ትኩረት የሚሻው ከፍታው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የምንተነፍሰው አየር ከባሕር ጠረፉ አየር ከ15 እስከ 20 በመቶ የሳሳ ነው። ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ለቆላ የተሠራ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ድብልቁ ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ይወፍራል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ መኪናዋ ቤንዚን ትፈጃለች፣ ጉልበቷም ይቀንሳል። በሶሌክስና በዌበር ካርቡራተሮች ጄቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳውን ዲያሜትር በሚሊ ሜትር መቶኛ ያመለክታል፤ 125 ሲል 1.25 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ይህን በ120 መተካት ብቻ የቀዳዳውን ስፋት 8 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል። ብዙ አሮጌ መኪና «ሞተሩ አለቀ» ተብሎ የሚሸጠው ይህች ትንሽ ነሐስ ሳትቀየር ቀርታ ይመስለኛል። ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና ደግሞ ደጀን ላይ ከ2,400 ሜትር ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ መልሶም ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። አንድ ጄት ለዚህ ሁሉ ፍጹም ሊሆን ስለማይችል መኪናዋ ለምትውልበት ከፍታ መምረጥ ነው፤ ቆላ ለቆላ ለሚሄድ ግን የጠበበ ጄት አያዋጣም፣ የሳሳ ድብልቅ ሞተር ያግላልና።

ምርመራው ከካርቡራተሩ ውጭ ይጀምራል። የማቀጣጠያው ፑንቲና ተቃጥሎ እንደሆነ፣ የቫልቮቹ ክፍተት ልክ እንደሆነ፣ ፊልትሮው እንዳልተደፈነ መታየት አለበት። ቤንዚኑም ራሱ ይጠርጠር። በእጥረት ሰሞን በጄሪካን ተገዝቶ ከሆነ በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቶ ማሳደር ነው፤ ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል። ካንዴላዎቹ ተፈትተው ሲታዩ ብዙ ይናገራሉ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የወፈረ ድብልቅ ምልክት ነው፣ መንጣት የሳሳ፤ ዘይት ከጠጣ ግን ችግሩ ፋሻው ወይም ቫልቩ ጋ ስለሆነ ካርቡራተሩን ይተዉት።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ብቻ ወደ ካርቡራተሩ ይዞራል። ሞተሩ ጠፍቶ አየር ማጣሪያው ከተነሣ በኋላ በቱቦው ወደ ውስጥ እያዩ ነዳጅ መስጫውን መሳብ ነው፤ ቤንዚን ወዲያው በቀጭኑ ካልፈነጠቀ መኪናዋ ስትረገጥ የምትደነግጠው የማፍጠኛው ፓምፕ ላስቲክ ደርቆ ወይም ተቀዶ ሳይሆን አይቀርም። ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥቶ መዝጊያውን የተሸከመውን ዘንግ በጣት ማነቃነቅ ነው። ሲወዛወዝ ሚኒሞው፣ ማለትም ሞተሩ ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከተለዋወጠ፣ ወይም ዘንጉ ሥር ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ ሲደረግ ድምፁ ከተስተካከለ፣ በዚያ በኩል ያልተፈቀደለት አየር ይገባል ማለት ነው። እውነተኛው እርጅና ይህ ነው። የብረት ዘንግ በለስላሳ የካርቡራተር አካል ውስጥ ለዓመታት ሲዞር ቀዳዳውን ሞላላ ያደርገዋል። እንደ ድሮው የጢስ ዓባይ መንገድ ያለ ደቃቅ አቧራ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ደግሞ መፍጨቱን ያፋጥነዋል። እንዲህ ያለው ካርቡራተር ሚኒሞው በፍጹም አይረጋም፤ ቡሎኗን መቶ ጊዜ ቢያዞሯትም።

መድኃኒቱ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። ሞላላ የሆነው ቀዳዳ ሰፍቶ ክብ ይደረግና የነሐስ ቦኮላ ይገባበታል፤ ዘንጉም ከተበላ በአዲስ ይተካል። ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ ፖሊቴክኒክ የተከፈተባት ከተማ ናት፤ ለብረት ሥራ እንግዳ አይደለችም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መዝጊያውን ከዘንጉ ሲፈቱ ነው። መዝጊያውን የያዙት የሁለቱ ትንንሽ ቡሎኖች ጫፍ እንዳይወልቁ ተቀጥቅጦ ስለሚሰፋ መጀመሪያ ጫፉ በሞረድ ይነሣ፣ አለዚያ ይሰበራሉ። ሲመለሱ በአዲስ ተተክተው እንደገና ይቀጥቀጡ፤ አንዱ ከወለቀ የሚወድቀው ሞተሩ ውስጥ ነው። መዝጊያው በየት በኩል እንደነበረም ሳይፈታ ምልክት ይደረግበት።

የቀረው ትዕግሥት የሚጠይቅ ጽዳት ነው። ጄት በሽቦ አይወጋም፤ ቀዳዳው ከተቧጨረ ቁጥሩ ውሸት ይሆናል። በማጽጃ ዘፍዝፎ በአየር መንፋት ይበቃል፣ ያውም ተንሳፋፊውና ላስቲኮቹ ከወጡ በኋላ። የነሐስ ተንሳፋፊ ጆሮ ላይ ሲናጥ ውስጡ ቤንዚን ከተሰማ ተበስቷል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነከር አረፋው ቀዳዳውን ያሳያል። ቤንዚኑ በሚገባ ወጥቶ ተንኖ ሳያልቅ እሳት አይቅረበው፤ ብየዳውም ጥቂት ይሁን፣ ክብደት ከጨመረ የቤንዚኑ ከፍታ ይቀየራል። በቮልስዋገን ሶሌክስ ይህ ከፍታ የሚስተካከለው በመርፌው ሥር ባለችው ሮንዴላ ውፍረት ስለሆነ የድሮዋን ሳይለኩ መጣል አይገባም። ሁለቱ የካርቡራተሩ ክፍሎች የሚገናኙበት ገጽ ከተጣመመ ወፍራም መስታወት ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያሉ ማስተካከል ይቻላል።

አንድ ልማድ ግን መቅረት አለበት። ጋስኬት ሲጠፋ ሲሊኮን መቀባት። ሲሊኮኑን ቤንዚን አሳብጦ ያላቅቀዋል፤ ቁርጥራጩም ሄዶ ጄቱን ይደፍናል። የጋስኬት ወረቀት ገዝቶ በአሮጌው ልክ መቁረጥ የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይደለም።

ሲገጠም የሚኒሞ ድብልቅ ቡሎኗ ሳትጨናነቅ እስከ ዳር ገብታ ወደ ኋላ አንድ ዙር ተኩል ያህል ትመለስ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ቾኩ ሙሉ ሲከፈት ድምፁ ከሁሉ የሚፈጥንበትን ቦታ ፈልጎ እዚያ አካባቢ መተው ነው። እሳት ማጥፊያ አጠገብ ይኑር፤ የሚሠራው በቤንዚን ነው።

የመጨረሻው ቃሌ ለባለንብረቶች ነው። ጓዳ ውስጥ የተጣለ ሶሌክስ፣ ዜኒት ወይም ዌበር ካለዎት ቢሰበርም ለቆራሌው አይስጡት። አካሉ ካልተሰነጠቀ ይታደሳል፤ ካልታደሰም ጄቶቹና መዝጊያው ለሌላው ይሆናሉ። ከየትኛው መኪና እንደወጣ በወረቀት ጽፈው፣ ዕቃውን አድርቀው ያስቀምጡት።