አረንጓዴውን ጎርፍ ያሰለፉ አሠልጣኝ

ከአዲስ አበባ እስከ እስራኤል ከተሞቹ ክርያት መላኪ፣ ገደራና ያብኔ ድረስ ኃይሌ ገብረሥላሴን፣ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ቤት ማግኘት ይቸግራል። ከመሙ ዳር ቆመው ሰዓት ይይዙላቸው የነበሩትን ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን የሚያስታውሳቸው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ወልደመስቀል የስፖርት ትምህርታቸውን የተከታተሉት በሃንጋሪ ነው። አገራቸው ተመልሰው በአንጋፋው አሠልጣኝ ንጉሤ ሮባ ሥር ረዳት ሆኑ፤ ኋላም ዋና አሠልጣኝነቱን ተረከቡ።

ሥራቸውን ለመረዳት የ10,000 ሜትር ሩጫን ማወቅ ይጠቅማል። ውድድሩ 400 ሜትሩን መም 25 ጊዜ መዞር ነው። ከፊት የሚመራው ሯጭ ነፋሱን ይጋፈጣል፤ ብቻውን ከሆነ ቶሎ ይደክማል። ሦስት የአንድ አገር ልጆች ግን እየተፈራረቁ ይመራሉ፤ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ ተፎካካሪዎቻቸውን ያንጠባጥባሉ። ይህ «የቡድን ሥራ» ይባላል። ልምምዱ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ በሆኑት በእንጦጦና በሰንዳፋ ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል።

ፍሬው በውጤት ታየ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ 4 ወርቅ አገኘች። በ2001 በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ደራርቱ ቱሉ፣ ብርሃኔ አደሬና ጌጤ ዋሚ የሴቶቹን 10,000 ሜትር ተከታትለው ጨረሱ። በ2003 በፓሪስ የወንዶቹን 10,000 ሜትር ቀነኒሳ በ26 ደቂቃ ከ49.57 ሰከንድ ሲያሸንፍ ኃይሌ በአንድ ሰከንድ ያህል ተበልጦ ሁለተኛ፣ ስለሺ ስህን ሦስተኛ ሆኑ። በ2005 በሄልሲንኪ የሴቶች 5,000 ሜትር ከአንደኛ እስከ አራተኛ የገቡት ጥሩነሽ ዲባባ፣ መሠረት ደፋር፣ እጅጋየሁ ዲባባና መሰለች መልካሙ ነበሩ። አረንጓዴ ማሊያ ለብሰው ተያይዘው ሲመጡ ያየ ሕዝብ «አረንጓዴው ጎርፍ» አላቸው።

የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2006 ለወልደመስቀል የአሠልጣኝነት ሽልማት ሰጣቸው። በ2016 አረፉ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ወደፊት የ10,000 ሜትር ውድድር ስትመለከት ዓይንህን በአንደኛው ላይ ብቻ አታሳርፍ። ስንቶቹ አብረው እንደሚመሩ ቁጠር፤ የአሠልጣኙ ሥራ የሚታየው እዚያ ነው።