ቶዮታ ስትገዙ ስሙን አትግዙ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። «ዶልፊን ይሻለኛል አባዱላ?» «ቪትዝ የሐሙሲትን ክረምት ትችለዋለች?» «አርባ ዓመት ያለፋት ዲኤክስ ለምን ይህን ያህል ትወደዳለች?» «ቶዮታ ልግዛ ወይስ ሌላ?» ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። እሱ ያለቀለት ጉዳይ ነው። ዛሬ ይህን ያለቀለት ጉዳይ ልክፈተው። እምነቱ ከየት መጣ? ምን ያህሉስ እውነት ነው?

ሐሙሲት ላይ ዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ብትቆሙ ነገሩ ይገባችኋል። ከባሕር ዳር ወደ ወረታና ጎንደር የሚያልፈውን፣ ወደ አንበሳሜና እስቴ የሚታጠፈውን፣ ለሐሙስ ገበያ የሚመጣውን ሁሉ ታያላችሁ። ጭነቱን አይሱዙና ሲኖትራክ፣ የከተማውን ውስጥ ለውስጥ ደግሞ ባጃጅ ይዘውታል። ሰው የሚጭነው ሚኒባስ፣ አምቡላንሱ፣ የመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ፣ የመምህሩና የነጋዴው የቤት መኪና ግን በአብዛኛው ቶዮታ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሽመና እስከ መኪና

የቶዮታ ታሪክ የሚጀምረው ከሽመና ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 ከአናጢ ቤት ተወለደ፤ የእናቱን የሽመና ድካም እያየ አደገ፤ በ1891 ለሠራው የእንጨት መሸመኛ የፈጠራ መብት አገኘ። ትልቁ ሥራው በ1924 የወጣው ማሽን ነው፤ ክር ሲበጠስ ራሱ ይቆማል፣ የመወርወሪያው ክር ሲያልቅ ደግሞ ሳይቆም ይተካል።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም። ቀድሞ ክሩ ተበጥሶ ማንም ካላየ ማሽኑ መሸመኑን ይቀጥላል፤ የተበላሸ ጨርቅ ይከመራል። ስለዚህ ሠራተኛው ከማሽኑ ሥር ዓይኑን ሳይነቅል መቆም ነበረበት። አዲሱ ማሽን ጥፋቱን ራሱ ስለሚያጋልጥ አንድ ሰው ብዙ ማሽን መጠበቅ ቻለ። በጣሊያን የጦር ካሳ በተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራ ወላጅ ያላችሁ ጠይቋቸው፤ ከእኔ በተሻለ ያስረዷችኋል።

በ1929 የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ የዚህን መሸመኛ መብት በ100,000 ፓውንድ ገዛ። የሳኪቺ ልጅ ኪይቺሮ ግን ልቡ መኪና ላይ ነበር። በ1933 በአባቱ ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ፤ በ1935 የመጀመሪያውን የጭነት መኪና፣ በ1936 የመጀመሪያውን የቤት መኪና አወጣ፤ በ1937 ቶዮታ ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ።

ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ኩባንያው ከኪሳራ አፋፍ ደርሶ ነበር። በ1950 ሠራተኛ ቀነሰ፤ ሠራተኛው አድማ መታ፤ ኪይቺሮም ከኃላፊነቱ ወረደ። በዚያው ወር የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ፤ የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና አዘዘና ቶዮታ ነፍስ ዘራ። የእኛው ቃኘው ሻለቃ በዘመተበት ጦርነት ማለት ነው። በ1951 በአራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ሠርተው ፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ጣቢያ አስወጡት፤ ያ መኪና በ1954 «ላንድክሩዘር» ተባለ። ከዚያ ኮሮላ በ1966፣ ሃይኤስ በ1967፣ ሃይሉክስ በ1968 ተከታተሉ። እዚህ አገር የቶዮታ ወኪል ሆኖ የኖረው ሞኤንኮ የተቋቋመው በ1959 ነው።

ካይዘንን የምታውቁት ከየት ነው?

በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት…» የሚል ሰሌዳ ያላየ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ካይዘን፣ ማለትም አሠራርን ያለማቋረጥ ማሻሻል፣ ወደ እኛ የመጣው አቶ መለስ ዜናዊ በ2008 ጃፓንን ድጋፍ ከጠየቁ በኋላ ነው፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩትም በ2011 ተቋቋመ። ይህን አሠራር በዓለም ካስተዋወቁት ኩባንያዎች ግንባር ቀደሙ ቶዮታ ነው። የሽመናው ሕግ መኪና ፋብሪካ ውስጥ ገባ፤ አንድ ሠራተኛ ጉድለት ካየ ገመድ ይስባል፣ ችግሩ እዚያው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል።

የፋብሪካው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ ደግሞ «ለምን?» ብላችሁ አምስት ጊዜ ጠይቁ ይል ነበር። ወደ ጋራዥ አምጡት። ሞተሩ ሞቀ። ለምን? የራዲያተሩ ውሃ ጎደለ። ለምን? ያፈሳል። ለምን? ቱቦው ተሰነጠቀ። ለምን? ዘይት እየነካው ላሽቋል። ለምን? ከበላዩ ያለው የዘይት መጠበቂያ ጎማ አልቋል። ውሃ ሞልቶ የሚሸኛችሁ ሜካኒክ በመጀመሪያው «ለምን» ላይ የቀረ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሳችሁ ትሄዳላችሁ።

ባለቤቶቹ ምን ይላሉ?

ዶልፊን። ከአባዱላ በፊት የነበረው ሃይኤስ ነው። የሐሙሲት መስመር ሾፌሮች ስለ ዶልፊን ሲያወሩ የሚያነሱት ሞተሩን ነው፤ በተለይ 5ኤል የሚባለውን የ3 ሊትር ናፍጣ። ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፤ ፓምፑ መካኒካል ነው። ነዳጅ በጀሪካን በሚሸጥበት ሰሞን ውሃና ቆሻሻ የተቀላቀለ ናፍጣ ቢገባበትም ከዘመናዊው በተሻለ ይታገሣል። ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ውሃ ጎድሎት ከተነዳ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ሰውነቱን ደግሞ ዝገት ይበላዋል።

አባዱላ። በ2004 የወጣው ሃይኤስ ነው። ሰፊና ምቹ ስለሆነ ተሳፋሪ ይመርጠዋል። 2ኬዲ የሚባለው ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ ሞተር ጉልበት አለው፤ ናፍጣም ይቆጥባል። ነገር ግን ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የሚረጩት ኖዝሎች ቆሻሻ አይወዱም፤ አንዴ ከተበላሹ የሚጠይቁት ገንዘብ የወራት ገቢ ይበላል። ከአባዱላም 5ኤል የተገጠመለት አለ፤ ለገጠር መስመር ብዙ ሾፌር እሱን ይመርጣል።

ቪትዝ። ይህቺ መኪና አገሩን የሞላችው በውበቷ አይደለም። በቀድሞው የኤክሳይስ ታክስ እስከ 1,300 ሲሲ ያለ ሞተር 30 በመቶ፣ ከ1,800 በላይ የሆነው ደግሞ 100 በመቶ ይከፍል ነበር። የቪትዝ ትንሹ ሞተር 1,000 ሲሲ አይሞላም። ከባሕር ዳር ሐሙሲት በአስፋልት ስትመላለሱ ቤንዚን በመቆጠብ የሚስተካከላት ጥቂት ነው። ሆዷ ግን ለመሬት ቅርብ ነው፤ ከአስፋልቱ ወርዳችሁ በክረምት ዋልካ ውስጥ ብትገቡ በበሬ ትወጣላችሁ።

ዲኤክስ። ኮሮላ ዲኤክስን የያዘ ሰው «አልሸጥም» የሚለው በናፍቆት ብቻ አይደለም። ካርቡራተር፣ ካንዴላ፣ ጥቂት ሽቦ፤ ኮፈኑን ስትከፍቱ ሁሉም ነገር ይታያል። የትም ከተማ ብትቆም የሚያስነሳት ሰው አይጠፋም።

ላንድክሩዘር። ሃርድ ቶፑ ውስጥ ያለው 1ኤችዜድ የተባለው 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው፤ ከ1990 ጀምሮ የተሠራና እንደ 5ኤል ሁሉ ቱርቦ የሌለው። የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት፣ ጉማራ ሲሞላ፣ አምቡላንሱ ታማሚው ካለበት ቀበሌ የሚደርሰው በእሱ ነው። ባለቤቶቹ የሚያማርሩት ናፍጣ ጠጪነቱንና ዋጋውን ነው።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ቶዮታ እዚህ የጸናው በፋብሪካው ጥራት ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው በተሠራው ነገርም ነው። መለዋወጫው ባሕር ዳር እንደ ልብ ይገኛል። ሜካኒኩ እጁን የፈታው በእሱ ላይ ነው። ጎሚስታው ጎማውን በዓይኑ ያውቀዋል። ገዢም አይጠፋም፤ ዛሬ ገዝታችሁ ነገ ብትቸገሩ ትሸጡታላችሁ። ሌላ ብራንድ ጥሩ መኪና ይሠራል፤ የሚጠግነውን ሰው ግን አብሮ አላመጣም።

ስሙ የሚሸፍነው

አሁን ወደ መራራው። ክር ሲበጠስ ቁም ያለው ኩባንያ ራሱ ሳይቆም የቀረበት ጊዜ አለ። በ2009 እና በ2010 ነዳጅ መስጫው ምንጣፍ እየያዘው ወይም ራሱ እየተጣበቀ መኪኖች ይፈተለኩ ነበር፤ ቶዮታ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለጥገና መልሶ ጠራ፤ የመሥራቹ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ አሜሪካ ምክር ቤት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። በ2014 ኩባንያው ጉድለቱን ከሕዝብ በመደበቁ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ የእሱ የሆነው ዳይሃትሱ የደኅንነት ፍተሻዎችን ለዓመታት ሲያጭበረብር መኖሩ ወጣ።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የታካታ ኤርባግ ነው። በብዙ ብራንዶች ላይ የተገጠመ የአየር ከረጢት ነው፤ በሙቀትና በእርጥበት ሲያረጅ በግጭት ጊዜ ከመጠን በላይ ፈንድቶ የብረት ስብርባሪ ይረጫል። በአሜሪካ ከ2003 እስከ 2013 የተሠሩ ኮሮላዎችና እዚያ ያሪስ የምትባለው የቪትዝ እህት ለዚህ ተጠርተዋል። የ2003 እና የ2004 ኮሮላ ባለቤቶች በ2024 «እስኪጠገን አትንዱ» ተብለዋል። ያገለገለ መኪና ከውጭ ሲገባ ይህ ታሪክ አብሮት ገብቷል፤ ሊብሬው ላይ ግን አይጻፍም።

ደግሞም ጠንካራ ሞተር ማለት ደኅና ተሳፋሪ ማለት አይደለም። ዶልፊን አፍንጫ የለውም፤ ሞተሩ ከወንበር ሥር ነው፤ ፊት ለፊት ሲጋጭ ቀድሞ የሚመታው የሾፌሩና የጋቢናው ሰው እግር ነው። በዚያ ላይ ትርፍ ሰው ሲጫን ፍሬኑ ከታሰበለት በላይ ይሸከማል።

የዋጋውንም ነገር ታውቁታላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጀ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ቶዮታ እያረጀ ይወደዳል። ኤሌክትሪክ መኪና ለባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ጉዞ አመቺ እየሆነ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት የገጠር መስመር ሚኒባሱን ለመተካት ግን ገና ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

1. የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ቶዮታ ባዘጋጀው የኢንተርኔት መፈለጊያ አስገብታችሁ ለኤርባግ የተጠራ መሆኑን እዩ።
2. ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ራሳችሁ አስነሱት። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ።
3. ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፤ ውሃው ላይ ዘይት ካያችሁ ተዉት።
4. የታይሚንግ ቺንጋ ያለው ሞተር ከሆነ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ መቀየር አለበት፤ ማስረጃ ከሌለ ለመቀየሪያው ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።
5. አባዱላ ከሆነ ኖዝሎቹን በማሽን አስፈትሹ።
6. ከሥሩ ገብታችሁ ዝገቱን እዩ፤ ቀለም ብዙ ይደብቃል።
7. የራሳችሁን ሜካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሻጩን አትቀበሉ።

የእኔ ፍርድ ይኸው። ለሐሙሲትና ለአካባቢው መንገድ ቶዮታ ዛሬም የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፤ ምክንያቱ ግን ጥገናው ቅርብ መሆኑ ነው። በደንብ ያልተያዘ ቶዮታ ከተያዘ ሌላ መኪና አይሻልም። የኤርባጉን ጉዳይ ዛሬውኑ አጣሩ፤ ሾፌር የሆናችሁ ደግሞ እባካችሁ ትርፍ አትጫኑ።

ይህን ጽሑፍ መኪና ሊገዛ ላሰበ ሰው አጋሩት። በእጃችሁ ያለውን ሞዴልና ያያችሁበትን ጠባይ ከታች ጻፉልኝ፤ ለቀጣዩ ገዢ ይጠቅማል።