መሣሪያ ሲለወጥ ጽሑፍ እንዳይጠፋ

ኮምፒዩተርና ታብሌት በቤታቸው ላላቸው ሁሉ

ቀድሞ በመሥሪያ ቤት ብቻ ይታይ የነበረው ኮምፒዩተር ዛሬ በደብረ ማርቆስ ከተማ በብዙ ቤት ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጦ ይገኛል። ታብሌቱም ከተማሪው እጅ ወደ አባት እጅ፥ ከአባት እጅ ወደ አያት እጅ ሲተላለፍ እናያለን። በእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ የቤተ ሰቡ ፎቶግራፍ፥ የማኅበሩ መዝገብ፥ የዕድሩ ሒሳብ፥ የአባት የሕይወት ታሪክ፥ የልጅ የትምህርት ማስረጃ ተከማችቷል። ዕቃው የሚገዛና የሚጣል ነው፤ በውስጡ ያለው ግን ከጠፋ በገንዘብ አይገኝም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው፥ ዕቃው ሲያረጅ በውስጡ ያለው አብሮት እንዳይቀበር ስለሚደረገው ጥንቃቄ ነው።

ነገሩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. ላወጣው ዊንዶውስ 10 ለተባለው የኮምፒዩተር ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ እድሳት በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ይህ ማለት ኮምፒዩተሩ በዚያው ቀን መሥራቱን ተወ ማለት አይደለም። እንደ ወትሮው ይከፈታል፥ ይጽፋል፥ ያትማል። ነገር ግን ሌቦች የሚገቡበት ቀዳዳ በፕሮግራሙ ውስጥ በተገኘ ቁጥር ቀድሞ በየወሩ ይደፈን የነበረው፥ ከዚያ ቀን ወዲህ በመደበኛው መንገድ አይደፈንም። ቤቱ አልፈረሰም፤ አጥሩን የሚጠግነው ሰው ግን ሄዷል።

ተተኪው ዊንዶውስ 11 ነው። እርሱም በማንኛውም አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ አይጫንም፤ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፥ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፥ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍል፥ የኢንቴል ሥራ ከሆነም በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ኮምፒዩተሩ ይህን የሚያሟላ ከሆነ ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ለመሻገር ዋጋ አይጠየቅም። የማያሟላ ከሆነ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ የሚባለውን ፕሮግራም መጫን፥ ወይም ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት ለይቶ ለጽሕፈት ብቻ መገልገል ይቻላል። አቅም ያለው ደግሞ አዲስ ይገዛል። ከእነዚህ መንገዶች የትኛውም ቢመረጥ፥ በዕቃው ላይ እጅ ከማሳረፍ በፊት መደረግ ያለበት አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም በውስጡ ያለውን ጽሑፍ በደኅና ማውጣት ነው። ይህን የተማርነው ከራሳችን ስሕተት ነው።

የየኔታ ጥያቄ

በ1996 ዓ.ም. ገና ወጣት መምህር ሳለን፥ በልጅነታችን ቅኔ ያስቆጠሩን አንድ የገጠር መሪጌታ ቅኔዎቻቸውን በጽሑፍ እንድናኖርላቸው ፈቀዱልን። በጎጃም የቅኔ ቤት እንደሚታወቀው፥ ቅኔ ለዕለቱ ተዘርፎ ለዕለቱ የሚቀር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚኖረው በሰሚው ልብ ነው። እኛም በየቅዳሜው እየሄድን፥ እርሳቸው ሲነግሩን በወረቀት እየጻፍን፥ ሰኞ ደግሞ በመሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር እየተየብን 186 ቅኔ በሁለት ፋይል አኖርን። ሥራው አለቀ ብለንም ወረቀቱን ጣልነው።

አንድ ቀን ሥራውን ለማሳየት ኮምፒዩተሩ ወዳለበት ብናመጣቸው፥ ስክሪኑን እያዩ ዝም ብለው ቆዩና፥

«ልጄ፥ ይህ ዕቃ የተሰበረ እንደ ሆነስ?» አሉን።

«አይሰበርም፥ የኔታ» አልናቸው።

«ብራናስ ቢሆን ይቃጠል የለም ወይ? ነገር ግን የአንዱ ደብር መጽሐፍ ቢቃጠል የሌላው ደብር ቅጂ ይተርፋል። የዚህ ቅጂው የት ነው?»

እኛም በፍሎፒ ዲስክ የገለበጥነውን አሳየናቸው፤ ጥያቄያቸውንም የሽማግሌ ሥጋት አድርገን ቆጠርነው።

የኔታ በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። በ2018 ዓ.ም. ልጃቸው የአባቷን ቅኔዎች አሳትማ ለደቀ መዛሙርታቸው ለማደል አስባ ወደ ቤታችን መጣች። «መምህር፥ አባቴ ቅኔዬ በእርስዎ እጅ ነው እያሉ ይነግሩን ነበር» አለችን። ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ሲገለበጥ የኖረውን የመጀመሪያውን ፋይል በአዲሱ ኮምፒዩተር ከፈትነው። ከግእዝ ፊደል አንድም አልታየም፤ በቅኔው ፈንታ የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት፥ ባዶ አራት ማዕዘንም ተደርድሮ አገኘን። ሁለተኛው ፋይል በፍሎፒ ዲስኩ ብቻ የቀረ ስለ ነበረ፥ ዲስኩ ጭራሽ አልከፈት አለ። እኅታችን አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች።

ፊደሉ ለምን ተሰወረ?

ኮምፒዩተር በጠባዩ ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ተሰጥቶት፥ ቁጥሩ ሲጠራ የፊደሉ መልክ በስክሪኑ ላይ ይሣላል። መሣሪያው በመጀመሪያ የተሰናዳው ለላቲን ፊደል ሲሆን፥ ለፊደላት የተመደበለት መቀመጫም ከ256 አይበልጥም ነበር። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፥ ነጥቦቹና አኃዞቹ ሲጨመሩ ከመቀመጫው ያልፋሉ።

በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፥ ከእነርሱም መካከል አቶ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፥ ፊደላችንን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የሚያስችል ፕሮግራም ለመሥራት ደከሙ። ከእነርሱ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና እንደ ደከሙት ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ብዙ ሠሪዎች ተነሡ። ነገር ግን ስምምነት ስላልነበረ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደላችንን በላቲን መቀመጫ ላይ በራሱ ሥርዓት አስቀመጠው። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈውም በሌላው የማይነበብ ሆነ። የእኛ ቅኔዎች የተጻፉት በዚህ ዓይነቱ የፊደል ቅርጽ ነበር። ያ የፊደል ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ፥ ከሥር የተደበቀው ላቲን ወጥቶ ታየ።

ችግሩ የተፈታው ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው በ3ኛው እትሙ ለፊደላችን 384 መቀመጫ ያለው የራሱ ስፍራ ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ የሀ ቁጥር 4608፥ የሁ ቁጥር 4609 ነው፤ በየትም አገር በተሠራ መሣሪያ ይኸው ነው። በ1999 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ ወጣ። ስምምነቱ ግን አስቀድሞ የተጻፈውን በራሱ አልለወጠውም። የድሮው ፋይል ባለቤቱ እስኪያሻግረው ድረስ እዚያው እንደ ነበረ ይጠብቃል።

አሮጌውን ጽሑፍ መለየትና ማሻገር

አንደኛ፥ ጽሑፉ የድሮ ይሁን የአዲሱ መለየት ነው። ከፋይሉ ጥቂት መስመር ገልብጣችሁ በቴሌግራም ወደ ራሳችሁ ስልክ ላኩ። በስልኩ ላይ በግእዝ ፊደል ከተነበበ ዩኒኮድ ነው። የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ሆኖ ከደረሰ የድሮው ነው። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የሚባሉት የታወቁ ፕሮግራሞች ሁለቱም ዓይነት የፊደል ቅርጽ ስላላቸው፥ በስማቸው ብቻ መፍረድ አይገባም፤ ከቅርጹ ስም ጋር ዩኒኮድ የሚል ቃል መኖሩን ተመልከቱ።

ሁለተኛ፥ የድሮ ሆኖ ከተገኘ አትሰርዙት፥ አታርሙትም። አስቀድማችሁ ቅጂ አውጡና በቅጂው ላይ ሥሩ። ጽሑፉ የተጻፈበትን ፕሮግራም ወይም የፊደል ቅርጹን የያዘ አሮጌ ኮምፒዩተር ፈልጉ። በከተማችን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ በሚሠሩ ቤቶች ዘንድ አንዳንድ ጊዜ ይገኛል። እዚያ ፋይሉን ከፍታችሁ በፒ.ዲ.ኤፍ. አስቀምጡት፤ የፊደሉን መልክ ከነቅርጹ ይዞ ስለሚቆይ በማንኛውም መሣሪያ ይነበባል። በወረቀትም አሳትሙት።

ሦስተኛ፥ ፒ.ዲ.ኤፍ. መልኩን ያቆያል እንጂ ከድሮው ሥርዓት የመጣውን ጽሑፍ በቃል ለመፈለግና ለማረም አያመችም። ስለዚህ ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም መለወጥ፥ ይህ ካልተገኘም እንደገና መተየብ ያስፈልጋል። የተለወጠውን ከወረቀቱ ጋር ቃል በቃል አስተያዩ። በግእዝ ሠረቀ ወጣ ማለት ነው፥ ሰረቀ ደግሞ ሌብነት ነው፤ አንድ ፊደል ቢለወጥ የፀሓይ መውጣት ስርቆት ይሆናል። ኮምፒዩተርም ሠ እና ሰን፥ ኀ እና ሐን እንደ ልዩ ልዩ ፊደል ስለሚቆጥር፥ አንድ ቃል ስትፈልጉ ካጣችሁት በሞክሼው ፊደል ደግማችሁ ፈልጉ።

ከእንግዲህ ስለሚጻፈው

በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ሴቲንግ ከሚለው ውስጥ የቋንቋውን ክፍል ከፍታችሁ አማርኛን ጨምሩ፤ ከዚያ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከረጅሙ የባዶ ቦታ ቁልፍ ጋር በመጫን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ትሻገራላችሁ። በአንድሮይድ ታብሌትና ስልክ ጂቦርድ በሚባለው የጎግል ኪቦርድ ማስተካከያ ውስጥ በቋንቋዎች ዝርዝር አማርኛን ምረጡ። በእነዚህ የሚጻፈው ሁሉ ዩኒኮድ ነው።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር እንጨምር። ብዙ ሰው አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ይጽፋል። ለዓይን ይመሳሰላል፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ነጥብ 4961፥ አራት ነጥብ 4962 የሚል የየራሱ ቁጥር ያለው ነው። በሁለት ሁለት ነጥብ የተሠራው በመስመር መጨረሻ ላይ ተከፍሎ ግማሹ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። አራት ነጥብ በኪቦርዳችሁ ላይ የት እንዳለች አንድ ጊዜ ፈልጋችሁ ልመዱት።

ሦስት ቅጂ

ብዙ የዕቃ ባለሙያዎች የሚመክሩት ሥርዓት ይህ ነው፤ የማይተካ ጽሑፍ በሦስት ቅጂ፥ በሁለት ዓይነት ዕቃ፥ አንዱም ከቤት ውጭ ይቀመጥ። አንዱ በኮምፒዩተሩ፥ አንዱ በፍላሽ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ፥ አንዱ ደግሞ በሌላ ከተማ ባለ ወንድም ቤት ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ይሁን። ፍላሽ ለብዙ ዓመት ሳይነካ ቢቀመጥ የያዘውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በዓመት አንድ የማይረሳ ቀን ወስኖ ሁሉንም ከፍቶ ማየት ይገባል። እኛ ሚያዝያ 30 ቀን የሚውለውን የከተማችንን የቅዱስ ማርቆስን በዓል ማግስት መርጠናል።

በደጋው አገራችን በክረምት መብረቅ ይበዛል፤ ነጎድጓድ ሲሰማ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ። ታብሌትን ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት በውስጡ ያለውን አውጡ፤ ዕቃውን ወደ ፋብሪካ ይዞታው የሚመልሰው ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ በዕቃው ላይ የነበረው ፎቶግራፍና ጽሑፍ አይመለስም። የኢንተርኔት ማከማቻችሁን የምስጢር ቃል በወረቀት ጽፋችሁ ከቤቱ ሰነድ ጋር አኑሩ፤ ባለቤቱ በሞት ቢለይ ቤተ ሰቡ ከደጅ እንዳይቀር። ነገር ግን በስልክ ደውሎ ይህን ቃል ወይም በመልእክት የመጣላችሁን ቁጥር ለሚጠይቃችሁ ሰው፥ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢልም እንኳ፥ ከቶ አትንገሩ።

ቅጂ የማብዛት ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 የማያንሱ የብራና መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ ቅጂዎቹ በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው በኮሌጅቪል እንዲቀመጡ አደረገ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እነዚህን መጻሕፍት እየመረመሩ ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ለብዙ ዓመታት አገለገሉ። ዛሬ ከእነዚህ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይነበባሉ። የየኔታ ጥያቄ እንግዲህ የሽማግሌ ሥጋት ሳይሆን የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት ነበር።

የእኛ ነገር እንዲህ ሆኖ ተፈጸመ። ከአንድ የጽሕፈት ቤት በተገኘ አሮጌ ኮምፒዩተር ከመጀመሪያው ፋይል 112ቱን ቅኔ መለስን። በፍሎፒ ዲስኩ ከነበሩት 74ቱ ውስጥ 31ዱን የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በየደብሩ እየተፈለጉ በቃላቸው ነገሩን፤ ሦስተኛው ቅጂ በሰው ልብ ውስጥ ኖሮ ነው። 43ቱ ቅኔዎች ግን የሉም። የተገኙትን 143 ቅኔዎች በወረቀት አሳትመን፥ በፍላሽም ገልብጠን ለእኅታችን ሰጠናት፤ አንዱን ቅጂ በየኔታ ደብር፥ አንዱን በቤታችን አኖርን። «የዚህ ቅጂው የት ነው?» ላሉን መልስ የሰጠነው ከ22 ዓመት በኋላ፥ እርሳቸው በሌሉበት ነው። አንባቢዎቻችን ግን ይህን ጥያቄ በዚህ ሳምንት በቤታችሁ ላለው ዕቃ አቅርቡለት።