የሥራ ዝለት በዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ዘንድ

የሥራ ዝለት በሥራ ቦታ የሚፈጠር ውጥረት እልባት ሳያገኝ ለረዥም ጊዜ ሲቆይ የሚያስከትለው የአካልና የመንፈስ መሟጠጥ ነው። ጽንሰ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1974 በጽሑፍ ያስተዋወቀው የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ሲሆን፣ መነሻ የሆነውም በኒውዮርክ በነጻ የሕክምና ማዕከል የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ቀስ በቀስ ጉልበታቸውና ተነሣሽነታቸው ሲነጥፍ መመልከቱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 በጸደቀው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ዝለትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ መዘገበው እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ ነው አላለም።

በ1981 የዝለት መለኪያ መጠይቅ ያሳተሙት ክሪስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን ሦስት ገጽታዎችን ለይተዋል። የመጀመሪያው የስሜት መሟጠጥ፣ ሁለተኛው ከሚያገለግሉት ሰው በስሜት መራቅና ደንታ ማጣት፣ ሦስተኛው ደግሞ የሠሩት ሁሉ ፋይዳ የለውም ብሎ ማሰብ ነው።

ዝለት ከዕለት ድካም የሚለየው በእንቅልፍና በአጭር ዕረፍት ብቻ ባለመወገዱ ነው። ሰው ሲወጠር በአንጎል ውስጥ የሚገኘው ሃይፖታላመስ የተባለው ክፍል በፒቱታሪ ዕጢ በኩል ከኩላሊት በላይ ላሉት አድሬናል ዕጢዎች መልእክት ያስተላልፋል፤ እነርሱም ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን አመንጭተው በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በመጨመር ሰውነትን ለፈተናው ያዘጋጁታል። ይህ ለአጭር ጊዜ የሚጠቅም ምላሽ ቢሆንም፣ ውጥረቱ ለወራት ሲዘልቅ እንቅልፍ ይዛባል፣ ትኩረት ይበተናል፣ የልብና የደም ሥር ሕመም ተጋላጭነትም ይጨምራል።

በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ መምህር መማር ማስተማርን፣ ጥናትና ምርምርን እንዲሁም የማኅበረሰብ አገልግሎትን አጣምሮ እንዲሠራ ይጠበቅበታል። የመንፈቀ ዓመቱ ማብቂያ ሲደርስ የፈተና ወረቀቱ በጠረጴዛው ላይ ተከምሮ፣ የሚያማክራቸው ተመራቂዎች የጽሑፋቸውን ምዕራፍ እንዲያይላቸው እየጠበቁ፣ የውጤት ማስገቢያው ቀነ ገደብ ሲቃረብ ኢንተርኔት ሊቋረጥበት ይችላል። የሬጅስትራር ሠራተኛም በምዝገባ ሰሞን ከመስኮቱ ፊት የተሰለፉትን ተማሪዎች አቤቱታ ሲሰማ ይውላል፤ የአቤቱታው መነሻ ግን ብዙውን ጊዜ እርሱ ሊለውጠው የማይችለው መመሪያ ወይም የሲስተም ብልሽት ነው።

ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ነጥብ ሮበርት ካራሴክ በ1979 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ተብራርቷል። በዚህ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻ ሳይሆን ከፍተኛ የሥራ ጫና በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን ከማነስ ጋር ሲገናኝ ነው። ማስላክና ማይክል ላይተር ደግሞ በ1997 የሥራ ጫናን፣ የመወሰን ዕድልን፣ ሽልማትን፣ የባልደረቦችን ትስስር፣ ፍትሐዊነትንና የእሴት መጣጣምን ዝለት የሚመነጭባቸው ስድስት መስኮች አድርገው ዘርዝረዋል።

ከእነዚህ አብዛኞቹ በአንድ ሠራተኛ እጅ ያሉ አለመሆናቸው መፍትሔው ወዴት እንደሚያዘነብል ያመለክታል። ዕረፍት፣ የሰውነት እንቅስቃሴና የባለሙያ ምክር ጠቃሚ ቢሆኑም፣ ሠራተኛው የሚመለሰው ወደዚያው ሁኔታ ከሆነ እፎይታው አይዘልቅም። ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች ማረምንና ማማከርን በሥራ ጫና ስሌት ውስጥ በሚገባ ሲያካትቱ፣ ቀነ ገደቦችን ከሠራተኞቻቸው ጋር ተመካክረው ሲወስኑና ቅሬታ ተቀባዩ ሠራተኛ ቀላል ጉዳዮችን በራሱ እንዲፈታ ሥልጣን ሲሰጡት ዝለትን ከምንጩ ይቀንሳሉ። የዛለ መምህር ተማሪውን በቅጡ ማገዝ ስለሚሳነው፣ የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅ የትምህርት ጥራትን የመጠበቅ አንዱ አካል ነው።