የሕፃናት ከልክ ያለፈ ውፍረትና የረኃብ ዘመን

ከዳባትና ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ወርዶ እስከ አዲ አርቃይ ባለው አገር፥ ጎረቤት ልጅን «ወፍሯል» ሲል እናቲቱን ማመስገኑ ነው። ስለዚህ የልጅ ውፍረት ጉዳት አለው ብንል እንግዳ ነገር ይመስላል። በእርግጥም የአገሩ ዋና ችግር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነው ሕፃናት መካከል ከመቶ 46ቱ ለዕድሜያቸው አጫጭር ሆነው ተገኝተዋል። በመላው ኢትዮጵያ ክብደታቸው ከቁመታቸው ልክ ያለፈው ግን ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። ታዲያ ስለ ውፍረት መጻፍ ለምን አስፈለገ? ሁለቱ ነገሮች ተቃራኒ ቢመስሉም፥ አንዱ ለሌላው መንገድ ሊጠርግ ስለሚችል ነው።

አስቀድመን መለኪያውን እንመልከት። ውፍረት በዓይን ግምት አይፈረድም። ዕድሜው ከአምስት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ሲመረመር፥ ቁመቱ በሜትር ተለክቶ በራሱ ይባዛል፤ ኪሎውም ለዚሁ ብዜት ይካፈላል። የተገኘው ቁጥር የዓለም ጤና ድርጅት በዕድሜና በጾታ ለይቶ ካዘጋጀው ሰንጠረዥ ጋር ይመሳከራል። በዚህ መለኪያ፥ ከ5 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው የዓለም ልጆች መካከል ከልክ በላይ የወፈሩት እ.ኤ.አ. በ1990 ከመቶ 2 ነበሩ፤ በ2022 ግን ከመቶ 8 ደረሱ፤ ቁጥራቸውም 160 ሚሊዮን ያህል ሆነ።

ጉዳቱ ብዙ ነው። የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ፥ በጉበት ላይ ስብ መከማቸት፥ የጉልበት ሕመም፥ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ ይገኙበታል። ከዚህም በላይ በልጅነት የመጣ ውፍረት ብዙውን ጊዜ እስከ ጉልምስና ይከተላል።

አሁን ረኃብና ውፍረት ወደሚገናኙበት እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 ክረምት በሆላንድ ጽኑ ረኃብ ነበረ። በዚያ ወራት የተፀነሱት ወንዶች ልጆች በ19 ዓመታቸው ለውትድርና ሲመረመሩ፥ ከሌሎቹ ይልቅ ውፍረት በዝቶባቸው ተገኘ፤ ይህም ጥናት እ.ኤ.አ. በ1976 ታተመ። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ በማኅፀን ሳለ ምግብ ያነሰው ሰውነት ያገኘውን መቆጠብ ይለምዳል፤ በኋላ ምግብ ሲተርፈው የቆጠበው ስብ ይሆናል።

ይህ ነገር ለእኛም አገር ይነካል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ ሲደርስ፥ ብዙ ሕዝብ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ተሰደደ። በዚያ ጊዜ ያረገዙ እናቶች የወለዷቸው ልጆች አሁን ትምህርት ቤት ሊገቡ ተቃርበዋል። የሆላንድ ነገር እንዳለ ይደገማል አንልም፤ ግን ልንጠነቀቅ ይገባናል። በመኪናው መንገድ ዳር ባሉት ሱቆች ብስኩት፥ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ይሸጣል። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል፤ ይኸውም ሰባት የሻይ ማንኪያ ግድም ነው። ይህ ልጁን ያጠግበዋል እንጂ ቁመት አይጨምርለትም።

ስለዚህ የተጎዳን ልጅ ማወፈር ብቻውን መዳን አይደለም። ባቄላ፥ ሽሮ፥ ወተት፥ እንቁላልና ጎመን ቁመትንም ጡንቻንም ይገነባሉ። በጤና ኬላ የሕፃኑ ክንድ በሜትር ሪባን ሲለካ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ያነሰው ቀጭን ልጅ ይታወቃል፤ አጭሩና ወፍራሙ ልጅ ግን «ደህና ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። እንግዲህ ልጅ በሚመዘንበት ሁሉ ቁመቱም ይለካ፤ ሁለቱም በአንድ ካርድ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ እንላለን።