«ሪሳይታል» እና ተዛማጅ የሙያ ቃላት፦ የቫዮሊን ዶክትሬት ተማሪ ዝግጅትን መነሻ በማድረግ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «የሙዚቃ አርትስ ዶክትሬት» የተባለውን ማዕረግ ለማግኘት ቫዮሊን የሚያጠና ሰው፣ ሌላው ተማሪ የምርምር ድርሳኑን አቅርቦ እንደሚመረመርበት ሁሉ፣ በአዳራሽ ቆሞ በመጫወት ዕውቀቱን ያስመሰክራል። የጽሑፍ ሥራም ብዙውን ጊዜ አይቀርለትም፤ ነገር ግን ከምዘናው ዐበይት ክፍሎች አንዱ በየጊዜው የሚያቀርበው «ሪሳይታል» ነው። የዚህ ሰው የትምህርት ማስረጃ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሦስት ኮንሰርት አቅርቧል» ተብሎ ቢጻፍ፣ መርማሪው ሰውየው በትርፍ ጊዜው ሕዝብ ያዝናና እንደ ነበር እንጂ ለማዕረጉ የተፈተነ መሆኑን ሊረዳ አይችልም። የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ቃል አተረጓጐም ዋጋውን ሊያጣ ይችላል ማለት ነው። የቃሉንና የተዛማጆቹን ፍቺ ለይተን ለማቅረብ የተነሣነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቃሉ በእንግሊዝኛ ጥንተ ትርጉሙ በቃል ማነብነብ ወይም መድገም ሲሆን፣ በሙዚቃ ሙያ ስመ ጥር የሆነው ፍራንዝ ሊስት እ.ኤ.አ. በ1840 በለንደን ላቀረበው የፒያኖ ዝግጅት መጠሪያ ከሆነ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ «ሰው በፒያኖ እንዴት ያነበንባል?» ብለው የተገረሙ እንደ ነበሩ ይነገራል። እኛም አቻ ቃል ስንፈልግ ያው ችግር ይገጥመናል። «ዳዊት ደገመ» እንደሚባለው ከ«ደገመ» ስም እናውጣ ብንል፣ ቃሉ ወደ «ድግምት» ያዘነብልና የሙያውን ሰው ከጠንቋይ ጋር ያስተካክለዋል። «ንባብ» ብንል መጽሐፍን እንጂ ክርን አያስታውስም። «ትርዒት» ደግሞ ለዓይን የሚያደላ ቃል ነው። ስለዚህ «ቫዮሊን»፣ «ፒያኖ» እና «ኦርኬስትራ» እንደ ገቡ ሁሉ «ሪሳይታል» በውሰት ገብቶ፣ «አንድ ተጫዋች ብቻውን ወይም ከጥቂት ባልደረቦች ጋር፣ አስቀድሞ በተወሰነ መርሐ ግብር የሚያቀርበው የሙዚቃ ዝግጅት» የሚል ፍቺ ቢሰጠው የተሻለ ይመስለናል። ለትምህርት ሲሆን «የማዕረግ ሪሳይታል» በማለት ከሌላው መለየት ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ተጫዋቹ የሚያውቃቸው ድርሰቶች ጠቅላላ ክምችትና በአንድ ምሽት የሚቀርቡት ድርሰቶች ዝርዝር መለያየታቸው ነው። ለኋለኛው «መርሐ ግብር» በቂ ነው። ለፊተኛው ግን «የዜማ ስንቅ» የሚለውን እናቀርባለን። ስንቅ ከጉዞ በፊት የሚዘጋጅ፣ መንገደኛው ሲርበው የሚያወጣው ነው፤ የቫዮሊን ተጫዋችም በጣቱና በአእምሮው የያዘው ድርሰት እንዲሁ ነው። የማዕረግ ሪሳይታል ሲታቀድ ይህ ልዩነት በተግባር ይታያል፤ ተማሪው ከስንቁ የቱን አውጥቶ፣ የቱን አዲስ አጥንቶ እንደሚጨምር ከመምህሩ ጋር ይመክራል፤ መርሐ ግብሩንም አስቀድሞ ያስጸድቃል።

ለምሳሌ ያህል አንድ መርሐ ግብር እንመልከት። በመጀመሪያ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ እ.ኤ.አ. በ1720 በእጁ ገልብጦ ካስቀራቸው ስድስት የብቸኛ ቫዮሊን ድርሰቶች የመጀመሪያው፣ ማለትም የጂ ማይነር ሶናታ፤ ቀጥሎ ሞሪስ ራቬል እ.ኤ.አ. በ1927 የፈጸመው የቫዮሊንና የፒያኖ ሶናታ፤ ከዕረፍት በኋላ የቤትሆቨን ኦፐስ 47 ይቀርባሉ እንበል። ሦስቱ በድምሩ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ይበልጣሉ። መርሐ ግብሩ የተለያዩ ዘመናትንና ስልቶችን ያሳያል፤ በራቬል ሶናታ ውስጥ የአሜሪካ ጥቁሮች ብሉዝ እንኳ ይሰማል። ሆኖም አደጋ አለበት። የባኽ ሶናታ ብዙ ክሮች ባንድነት በሚመቱበት ዝግተኛ ክፍል ስለሚጀምር፣ እጁ ያልሞቀ ተጫዋች ከመጀመሪያው ምት ይጋለጣል፤ የሚሸፍንለት ሌላ መሣሪያም የለም። ረጅሙንና አድካሚውን የቤትሆቨን ሥራ በመጨረሻ ማድረግም የጉልበትን አያያዝ ይጠይቃል። እንግዲህ ማቀድ ማለት የድርሰቶችን ስም መደርደር ብቻ ሳይሆን ደቂቃን፣ ድካምን፣ የክርን መርገብና የሰሚን ጆሮ ማመዛዘን ነው።

ሦስተኛው «አጃቢ» የሚለው ቃል ነው። አጃቢ ባለ ማዕረግን ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ዋናው ሰው ሌላ ነው። ቤትሆቨን ግን ለኦፐስ 47 በሰጠው ርእስ ፒያኖውን አስቀድሞ፣ ቫዮሊኑን አስከትሎ ጠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1803 በቪየና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ቫዮሊኑን የተጫወተው በአባቱ በኩል የአፍሪካ ዝርያ ያለው ጆርጅ ብሪጅታወር ሲሆን፣ ፒያኖውን የያዘው ራሱ ቤትሆቨን ነበር። ደራሲውን «የብሪጅታወር አጃቢ» ማለት ምን ያህል እንደማያስኬድ አንባቢ ይፈርዳል። ስለዚህ ሁለቱ መሣሪያዎች እኩል በሚነጋገሩበት ሶናታ ፒያኒስቱ «ተጣማሪ» እንዲባል፣ «አጃቢ» ደግሞ ፒያኖው ቫዮሊኑን ከሥር ለሚደግፍባቸው ድርሰቶች እንዲቀመጥ እናሳስባለን። ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ፒያኒስቱን አጃቢ አድርጎ የቆጠረ ተማሪ የልምምድ ቀጠሮውን ወደ መጨረሻው ሳምንት ይገፋል፤ ተጣማሪ ያለ ግን ከመርሐ ግብሩ ምርጫ ጀምሮ ያማክረዋል።

በመጨረሻም ተማሪው ስለ ድርሰቱ እያስረዳ የሚጫወትበት ዓይነት አለ። ይህን «ገለጻ አዘል ሪሳይታል» ብለነዋል። ኖታ ሳያዩ መጫወትንም «በቃል መጫወት» ብንለው፣ የቅኔና የዜማ ተማሪ «በቃሉ ያዘ» ከሚለው ነባር አነጋገር ጋር ይስማማል።

ያቀረብናቸው ስያሜዎች የመጨረሻ ውሳኔ አይደሉም። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ ቦታ ሙያውን የሚያስተምሩ ሁሉ በሥራ ላይ ፈትነዋቸው፣ የሚጸናውን እንዲያጸኑ፣ የማይስማማውን ከነምክንያቱ እንዲነቅፉ እንጠይቃለን። ቃል የሚለመደው በመዝገብ ስለ ተጻፈ ሳይሆን ባለሙያው በአፉ ስለ ተቀበለው ነውና።