የመኪና ውስጥ ሲጢጥታና ኮሽታ፦ ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይወገዳል?

አስፋልት ላይ ድምፁ ሳይሰማ የከረመ መኪና ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ ጉዱ ይወጣል። ዳሽቦርዱ ሲጢጥ ይላል፣ በሩ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፣ ከኋላ ደግሞ የሆነ ነገር ይንኳኳል። አንዳንዱ ባለመኪና ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ያልፈዋል፤ ሌላው መኪናው አርጅቷል ብሎ ገዢ ይፈልጋል። ሆኖም ከእነዚህ ድምፆች አብዛኞቹ በጥቂት ብር የሚጠፉ ናቸው። ሥራው የሚከብደው ምንጫቸው እስኪገኝ ድረስ ነው።

ድምፆቹ በሁለት ይከፈላሉ። ቀጭ ቀጭ ወይም ኮሽ ኮሽ የሚለው ድምፅ የላላ ዕቃ ከጎረቤቱ ጋር ሲጋጭ የሚወጣ ነው። ሲጢጥታው ግን ተጠጋግተው የተቀመጡ ሁለት ገጾች ሲፋተጉ ይፈጠራል። አሠራሩ የማሲንቆን ይመስላል። የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ክር ይዞ ይጎትተዋል፤ ክሩ ሲወጠር ያመልጠውና መልሶ ይይዘዋል። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ዜማ ይሆናል። ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ወይም ከቆዳ ጋር ሲፋተግም እንዲሁ እየያዘ እየለቀቀ ይጮኻል። የጀርመን መኪና አምራቾች ቪዲኤ 230-206 የሚባል መስፈርት አውጥተው፣ ሁለት ቁሳቁሶች ሲፋተጉ ምን ያህል እንደሚጮኹ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ። ነጥቡ ከፍ ካለ ሁለቱን ጎን ለጎን ማድረግ አይመከርም።

ጠዋት የሚጮኽ መኪና ከሰዓት በኋላ ዝም የሚለው በሙቀት ምክንያት ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ለውስጥ ዕቃ በብዛት የሚያገለግለው ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ፣ 1 ሜትር ርዝመት ካለው፣ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የታሰረበት ብረት ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይጨምርም። ይህ ልዩነት በየቀኑ ሲደጋገም ክሊፕሶቹን ያላላል፤ ክፍተትም ይፈጥራል።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ ትኩረት የሚሻበት ምክንያትም አለ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በየመንገዱ በዝተዋል። በእነዚህ መኪኖች ውስጥ ትንንሹን ድምፅ የሚሸፍን የሞተር ጩኸት ስለሌለ፣ ድሮ የማይሰማው ሁሉ ዛሬ ይሰማል።

ፍለጋው መኪናውን ባዶ በማድረግ ይጀምራል። የዳሽቦርዱ መሳቢያ፣ የበር ኪስና የወንበር ሥር ይጽዱ። ክሪኩ፣ የጎማ መፍቻውና ስኮርታ ጎማው በደንብ መታሰራቸው ይረጋገጥ። ታርጋውና የደህንነት ቀበቶው ዘለበትም ብዙ ጊዜ ይንኳኳሉ። ድምፁ ከቀጠለ አንድ ሰው ሻካራ መንገድ ላይ በዝግታ ይንዳ፤ ሌላው በእጁ መዳፍ የዳሽቦርዱን፣ የበሩንና የጣሪያውን ክፍሎች ተራ በተራ ይጫን። ሲጫኑት ዝም ያለው ቦታ ወይ ራሱ ምንጩ ነው፣ ወይ የምንጩ ጎረቤት ነው።

ምንጩ ከታወቀ መፍትሔው ከሦስት አያልፍም፤ ማጥበቅ፣ መለየት ወይም ማለስለስ። የላላ ብሎን ይጠበቃል፤ የተሰበረ ክሊፕስ ሶማሌ ተራን በመሳሰሉ የመለዋወጫ መሸጫዎች ተፈልጎ ይተካል። የሚጋጩ ፕላስቲኮች መካከል ጨርቅ መሰል ናስትሮ ወይም ስስ ስፖንጅ ይገባል። በበር ሽፋን ውስጥ የሚወዛወዝ የኤሌክትሪክ ገመድም በዚሁ ናስትሮ ይጠቀለላል። የበር ጎማ ሲጮኽ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ ስስ የሲሊኮን ቅባት ይቀባል። የሞተር ዘይትና ተራ ግሪስ ግን አይነካው። ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት ጎማን ያሳብጣል፣ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል፣ አቧራም ይሰበስባል። ሽፋን ሲነቀልም በካቻቢቴ ከመፈልቀቅ የፕላስቲክ መንቀያ መጠቀም ይሻላል፤ ገጹን አይጭረውም።

ሁለት ነገሮች ግን ቀልድ አያውቁም። አንደኛው ኤርባግ ነው። መሪው፣ የዳሽቦርዱ የተሳፋሪ ወገንና በብዙ መኪኖች የመስታወቱ ዳር ምሰሶዎች ኤርባግ ይይዛሉ ወይም መውጫው ናቸው። እዚያ ስፖንጅ መወተፍ በአደጋ ጊዜ ኤርባጉ እንዳይከፈት ሊያግድ ይችላል። ስለዚህ ይህን ክፍል መንካት ያለበት ባትሪውን ነቅሎ በመመሪያው መሠረት የሚሠራ ባለሙያ ነው። ሁለተኛው ከወለል በታች የሚመጣ ድምፅ ነው። ጉድጓድ ሲገባ ወይም መሪ ሲዞር ቋ የሚል ድምፅ ካለ፣ ችግሩ ያለቀ አሞርዛተር ወይም ቴስቲኒ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ጋራዥ ይታይ። የወንበር ወይም የቀበቶ ማሰሪያ ብሎን ሲላላም እንዲሁ ነው፤ እነዚህ የሰው ሕይወት የሚይዙ ብሎኖች ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ መኪናዎ ሲጮኽ ሬዲዮውን ከፍ አያድርጉ፤ ዝቅ አድርገው ያዳምጡ። ድምፁ ከውስጥ ከሆነ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይጠፋል፤ ከሥር ከሆነ ደግሞ በጊዜ መስማትዎ ከአደጋ ያድንዎታል።